ላልቶ ሲነበብ

ሽቦ በተማሪዎቹ ትከሻ መሀል አንገቷን አስግጋ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ስታነብ የራሷን ስም ያየች መሰላት። ዓይኗን ጨፈነችና ገለጠች። ስሙ የትም አልሄደም። ከላይ በቀይ ቀለም «ለዋና የተመረጡ» ይላል፤ ከታች ደግሞ «ሰኞ ጠዋት በስፖርት ማዕከሉ ተገኙ። የሚመጣው ቅዳሜ ወላጆች መጥተው ያያሉ። ፎጣ ያዙ» የሚል የስፖርት መምህሩ ጽሑፍ አለ። በመሀል የተደረደሩትን የሌሎቹን ስሞች ልብም አላለቻቸው። የራሷን ካየች በኋላ ምን ቀርቷት!

«ዋና» አለች ለራሷ፣ «ና»ዋን በጥርሷ ነክሳ። ዋና ተሰላፊ ማለት ነው።

ዓመቱን ሙሉ በትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ተጠባባቂ ነበረች። የተጠባባቂ ሥራ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ወንበር ማሞቅ፣ የሰው ሹራብ መያዝ፣ ከአጥር ውጭ የወጣ ኳስ እየሮጡ ማምጣት። ረጅምና ቀጭን ስለሆነች ሽቦ የሚል ስም ያወጡላት የቡድኑ ልጆች ናቸው፤ ከስሙ ቀጥሎም ሁልጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚከተለው፦ «ሽቦ፣ ኳሷን!»

ዛሬ ሽቦ አድጋ መጻሕፍት ትጽፋለች። ስለ ልጅነቷ ሲጠይቋት ስለ ትምህርት ቤቷና ስለ ቤተሰቧ ብዙ ታወራለች፤ የዚያን ዓመት እረፍት ግን ሁልጊዜ ከዚህ ሰሌዳ ነው የምትጀምረው። አንድ ነገርም አትደብቅም። በዚያው ጠዋት፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ የአማርኛ መምህሯ «ዓሣው ይበላል» ብለው ጽፈው ነበር። «ላልቶ ሲነበብ ዓሣው ራሱ በላተኛ ነው» አሉ። «ጠብቆ ሲነበብ ግን መጥበሻ ላይ ነው ያለው። አጻጻፉ አንድ፣ ንባቡ ሁለት። ተጠንቀቁ።» ክፍሉ ሲስቅ ሽቦ በመስኮት የመረብ ኳስ ሜዳውን እያየች ነበር። ትምህርቱ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ቤት የደረሰችው በእግሯ ይሁን በክንፍ አታውቀውም። እናቷ በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ መጋረጃ ትሰፋለች። ታላቅ ወንድሟ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፤ አፉ ስለማያርፍ ራዲዮ ነው የሚሉት።

«ዋና ሆንኩ!»

እናቷ መኪናዋን አቆመች። «ምን ሆንሽ?»

«ዋና ተሰላፊ። ተለጥፏል፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።»

«የኔ ልጅ» አለች እናቷ፤ ክሩን ከከንፈሯ አውጥታ ጉንጯን ሳመቻት። ራዲዮ ግን ጫማውን እንኳ ሳያስር ወጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የራዲዮ ግን ሲያመልጥ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚያውቀው። ከፀጉር አስተካካዩ እስከ ባለሱቁ ሳይሰማ ያመሸ የለም።

አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሰው ሳይነሳ ወጥቶ ስለሚሄድ፣ በቤቱ ውስጥ ወሬ የሚለዋወጡት በማዕድ ቤቱ በር ላይ በተሰቀለች ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ነው። «ጋዝ አልቋል»፣ «ቁልፉ ጎረቤት ነው»፣ «የቧንቧ ሠራተኛው ይመጣል»። በማግስቱ ጠዋት ሽቦ ስትነሳ በአባቷ እጅ እንዲህ ተጽፎ አገኘች፦ «የሚመጣውን ቅዳሜ ፈረቃዬን ቀይሬያለሁ። ልጄን ሳላይ አልቀርም።»

ያን ቀን ከሥራ ሲመለስም ፊቱ እንደበራ ነበር። «ለባልደረቦቼ ሁሉ ነግሬያለሁ» አላት። «ትኬት ቆራጩና መካኒኩ ካልመጣን ብለዋል። እንግዲህ አታሳፍሪኝ።»

እናቷ ከአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ ቆርጣ፣ በተራረፈ መጋረጃ ለብጣ፣ የጉልበት መከላከያ ሠራችላት። አበባ አለው፤ ይሁን።

«ፎጣው ግን ለምንድን ነው?» አለች እናቷ።

«ለላብ ነዋ፣ እማዬ። ዋና ሰው ላብ በላብ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ሽቦ አበባማውን የጉልበት መከላከያ ከቤት አጥልቃው ወጣች። ስፖርት ማዕከሉ ስትደርስ የመረብ ኳስ ሜዳው ባዶ ነው። መረቡም አልተወጠረም። ቀደምኳቸው ብላ ደስ አላት። ከዚያ የስፖርት መምህሩ ፊሽካ ከግንቡ ጀርባ ተሰማ። ግንቡን ዞረች።

ሰማያዊ ውሃ። ሰፊ፣ ፀሐይ የሚጫወትበት፣ ልጆች እንደ እንቁራሪት የሚዘሉበት ውሃ።

«ሽቦ!» አለ መምህሩ፤ ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ምነው ጉልበትሽ ላይ ሶፋ ጭነሽ መጣሽ?»

«ውሃ ውስጥ ተንበርክካ ልትዋኝ ይሆናል» አለ አንድ ልጅ፤ ሌሎቹ በሳቅ ሞቱ።

ከውሃው ውስጥ አንዲት ጭንቅላት ብቅ አለች። ጉንጬ ናት፣ የልብ ጓደኛዋ። ቅዳሜና እሁድን አክስቷ ቤት ስለነበረች አልተገናኙም።

«መጣሽ? ነይ ግቢ፣ ውሃው አሪፍ ነው።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዋና ነዋ» አለች ጉንጬ።

«ና»ዋን አላላቻት። ሽቦ ክው ብላ ቀረች። መጥበሻ ላይ የነበረው የአማርኛ መምህሯ ዓሣ ዘሎ ገንዳው ውስጥ ገባ።

ጉንጬን እጇን ይዛ ጥግ ወሰደቻት። «እኔን ማን ነው ለዚህ ያስመዘገበኝ?»

ጉንጬ ጉንጮቿ ቀሉ። «ቲቸር ዋና የሚችል ማነው ሲለን፣ አንቺ ኳስ ልታመጪ ሄደሽ ነበር። ብቻዬን ከምገባ ብዬ...»

«ብለሽ ምን?»

«እንደ ዓሣ ነው የምትዋኘው አልኩት።»

«እኔ? እኔ እኮ ፊቴን ስታጠብ እንኳ አፍንጫዬን ይዤ ነው።»

«ብነግርሽ እምቢ ትያለሻ።»

ሽቦ ተናደደች፤ በጣም ተናደደች። ግን ጉንጬ ውሃ እየተንጠባጠበባት እንደ ጥፋተኛ ድመት ስታያት ሳቅ አመለጣት። «ዋናነቴን ውሃ በላው» አለች፤ ከዚያ ሁለቱም ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

ለመምህሩ እውነቱን ነገረችው። አልተቆጣትም። «የመረብ ኳሱ ነገ ይለጠፋል» አላት። «አልደብቅሽም፣ ተጠባባቂ ነሽ። ልምምዱ ከዚህ ጋር በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ አንዱን ትመርጫለሽ። እዚህ ከቀረሽ ከሕፃናቱ ጋር ነው የምትጀምሪው። አስቢበት።» ከዚያ ፎጣዋን አየ። «ለዛሬ ግን ይዘሽ መጥተሻል፤ አይባክንብሽ።»

የጉልበት መከላከያውን አውልቃ በቁምጣና በቲሸርት ሕፃናቱ ወዳሉበት ጥልቀት የሌለው ጥግ ገባች። ውሃው ወገቧ ጋ ይደርሳል። እነሱን አንገታቸው ላይ ይደርሳቸዋል። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ትንሽ ልጅ አዘነችላት።

«እትዬ፣ ፈራሽ?»

«ትንሽ።»

«ተኚበት። አልጋ ነው በይ። ጆሮሽ ውስጥ ሲገባ ዝም በይው።»

ሽቦ ተኛች፤ ሰመጠች፤ ውሃ ጠጣች፤ ሳለች። እንደገና ተኛች። እንደገና ሰመጠች። ልጅቷ ጭንቅላቷን በሁለት መዳፏ ደግፋ «አልጋ፣ አልጋ» እያለች አለማመደቻት። ከዚያ መዳፎቹ ቀስ ብለው ተነሱ፤ ሽቦ ግን አልሰመጠችም። ጆሮዋ ተደፈነ፤ ጫጫታው ሁሉ ራቀ፤ ከላይ ሰማይ ብቻ ቀረ። ረጃጅም እግሮቿ፣ ያ ሁሉ የተሳቀባቸው እግሮች፣ ቀለሏት። ደስታው ከሆዷ ተነስቶ አፏ ላይ ሲደርስ ሳቀች፤ ስትስቅ ሰመጠች። ተነስታም «እንደገና!» አለች። ያን ቀን ማንም ኳስ አምጪ አላላትም፤ ይህ ትዝ ያላት እንኳ ወደ ቤት ስትመለስ ነው።

ትዝ ያላት ግን እሱ ብቻ አልነበረም። አባቷ፣ ትኬት ቆራጩ፣ መካኒኩ፣ ባለሱቁ፣ ሁሉም ተራ በተራ ትዝ አሏት። ፊቷ ሲጨልም ጉንጬ አየችው።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለች። «ሰሌዳችሁ ላይ ‹ለዋና ተመርጫለሁ› ብለሽ ጻፊ። አልዋሸሽም። እነሱ እንደፈለጉ ያንብቡት። ቅዳሜ ሲመጡ ‹ጽፌላችሁ የለ?› ትያለሽ።»

«አንቺ ውሸት ሳትዋሺ መዋሸት የት ነው የተማርሽው?»

«አማርኛ ክፍል» አለች ጉንጬ።

ሌላም መንገድ ነበር። ወደ መረብ ኳሱ ብትመለስ ማልያ ይሰጣታል። ቅዳሜ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ቲቸር እያሳረፈኝ ነው» ማለት ይቻላል። ማንም አያውቅም። ወንበሩን ስታስብ ግን ጀርባዋን ደከማት።

ቤት ማንም አልነበረም። ፎጣውን ወንበር ላይ ጣለችና ጠመኔውን አነሳች። «ለዋና ተመርጫለሁ። ቅዳሜ ኑ» ብላ ጻፈች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አነበበችው። ላልቶም ያምራል፤ ጠብቆም ያምራል። ሰሌዳዋ ምንም አታሳብቅም።

እናቷና ራዲዮ ከገበያ ሲመለሱ አባቷም ከሥራ ገባ። ቁልፉን ሰቀለ፤ ሰሌዳዋን አየ፤ ቆመ። «ለዋና ተመርጫለሁ» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበ፤ «ና»ዋን እንደ ፍሬን ረግጦ። «ሰማሽ?» አለ ለእናቷ። «መካኒኩ ሚስቱንም ይዞ ሊመጣ ነው። አለቃችን እንኳ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ‹ተጠባባቂ ነበረች፤ አሁን ዋና ናት› አልኩት።» ጠመኔውን አንስቶ ከጽሑፉ ጎን «ጎበዝ» ብሎ ሊጨምር እጁን ዘረጋ።

ሽቦ እጁን አየች። ቅዳሜ ይህ ሰው ያን ሁሉ ሰው አስከትሎ ግንቡን ሲዞር ታያት። እሷ ስትዞር የተሳቀባት ሳቅም ጆሮዋ ላይ መጣ።

«አባዬ» አለች። «አጥብቀኸዋል።»

«ምኑን?»

«‹ና›ዋን። አላላትና እንደገና አንብባት።»

ጠመኔው አየር ላይ ቆመ። አባቷ ሰሌዳዋን አየ፤ ከዚያ እስካሁን ያልደረቀ ፀጉሯን፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ የተጣለውን እርጥብ ፎጣ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ለ... ዋና» አለ ቀስ ብሎ። ላላች። «አንቺ ዋና ትችያለሽ እንዴ?»

«አልችልም። ከሕፃናቱ ጋር ነኝ። ተሳስቼ ነው ያነበብኩት። በመረብ ኳሱ አሁንም ተጠባባቂ ነኝ፤ ግን አልመለስም።» ወደ ፎጣው ጠቆመች። «ዛሬ ግን ተንሳፈፍኩ፣ አባዬ። ማንም ሳይዘኝ።»

እናቷ የገበያ ዘንቢሏን መሬት ማስቀመጥ ረስታ ቆማለች። አባቷ ሰሌዳዋን እንደገና አነበበ፤ አሁንም አላልቶ፣ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያነብ ሰው።

ሽቦ ጠመኔውን ከእጁ ወሰደች። «ቅዳሜ ኑ» ከሚለው ሥር፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ፎጣ ያዙ» ብላ ጨመረች።