«ዓምሃ ይሙት»

አቶ ዓምሃ ከሞቱ ዘጠነኛ ቀናቸው ቢሆንም፣ ቁስቋም ዳገት ላይ ያለው ቤታቸው አሁንም ሽፈራው ሽፈራው ይሸታል። ወንበራቸው ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ጋቢያቸውም እንደተጣጠፈ እዚያው አለ። ኢንስፔክተር ሮሐ ሳሎኑ ውስጥ ስትቆም ፈራ ተባ አለች። ሰውዬው ከጓዳ ወጥተው «ማን ልበል?» የሚሏት መሰላት።

ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሷል። ገዳዩ፣ ለኮሌስትሮል ይበጃል ብሎ የሽፈራው ቅጠል ጭማቂ የሸጠላቸው የዊንጌት ሰፈሩ የባህል መድኃኒት ሻጭ ሙሐዲን ነው። እሱም ጣቢያ ታስሯል። ሮሐ ስትጠይቀው በሻሽ ሦስቴ አጥልሎ፣ በፊታቸው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ እንደሰጣቸው ነገራት።

«እኔም ከዚያው ነው የምጠጣው» አላት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ሙሐዲን ለአቶ ዓምሃ በሸጠበት በዚያው ቀን የሞላው የሱቁ ጠርሙስ ጥርት ያለ ነው። የሟቹ ጠርሙስ ሥር ግን ነጭ ዱቄት ዘቅጧል። ሮሐ ሁለቱንም ለምርመራ ላከች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምፀሐይ፣ በመጨረሻው ሳምንት ሟቹን ጡንቻቸውን ያማቸው፣ ሽንታቸውም ጠቁሮ እንደነበር ነገሯት። ሆስፒታል ለኮሌስትሮል ስላዘዘላቸው ክኒን ስትጠይቃቸው ድምፃቸው ቀነሰ።

«ክኒኑን አልውጥም፤ እሱን እንዳታነሱብኝ፣ ‹ዓምሃ ይሙት› ብላችሁ ማሉልኝ አለን። ማልን። ከዚያ ወዲህ ከልጄ ጋር እንኳ ስለ ክኒን አላወራንም።»

ሮሐ ጓዳውን ፈተሸች። መሳቢያው ውስጥ ያገኘችው የክኒን ማሸጊያ ባዶ ነው። ሙቀጫውም ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይሸትም፤ ደጋግሞ ታጥቧል።

የምርመራው ውጤት እንደደረሰ ሙሐዲንን ይዛ መጣች። እናትንና፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ መድኃኒት ቤት የምትሠራውን ልጃቸውን ቤዛዊትን አስቀመጠች።

«ሽፈራው አልገደላቸውም። ዱቄቱ የተፈጨ የኮሌስትሮል ክኒን ነው። የሱቁ ጠርሙስ ንጹሕ ስለሆነ ዱቄቱ የገባው እዚህ ቤት ነው። ቤዛዊት፣ ከሥራ ቦታሽ ነው ያመጣሽው?»

«እንዲድንልኝ ነው» አለች ቤዛዊት። «ከልኩ አላሳለፍኩም።»

«አላሳለፍሽም። በአስከሬን ምርመራው በደማቸው የተገኘው ግን እጥፉ ነው፤ የደከመ ኩላሊታቸው አልቻለውም። አባትሽ አልውጥም ያሉት የሆስፒታሉ ክኒንም አልቋል። ወይዘሮ ዓለምፀሐይ፣ ያንን ሙቀጫ ለምን አጠቡት?»

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ባዶውን ወንበር አዩ።

«አጥሚቱ ውስጥ ነበር የማደርግለት» አሉ። «እሷ... እሷም እንደምታደርግ አላወቅኩም።»

ሮሐ የሁለቱ ፊት አንጀቷን በላው፤ ዝም ብትል በወደደች። ግን ዝም ብትል ሙሐዲን ገዳይ ሆኖ ሊቀር ነው።

«መሐላውን ሁለታችሁም በእጃችሁ አፍርሳችሁ በአፋችሁ ጠበቃችሁት» አለች።

ሙሐዲን ነፃ መሆኑ ቢነገረውም ከደጃፉ አልራቀም፤ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ቤዛዊት እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምዬ ነበራ» አሉ ዓለምፀሐይ። «እንዳይሞትብኝ ፈርቼ።»