የካሜራው ቅጠሎች

የቡና ነጋዴው መህዲ ሁሩሙ ከተማ ባለው መጋዘኑ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከመሰላሉ ሥር ነው።

«ወድቆ ነው» አለ ሸሪኩ ዲንቃ። «እኔ ከትናንት ጀምሮ መጋዘኑን አልረገጥኩም።»

ሬሳው አጠገብ ግን የቡና ገለባው ላይ የጫማ ዱካ ነበር። ያኔ ዲጂታል ካሜራ ገና አልደረሰም ነበር፤ ፖሊስ ከመቱ ባለፎቶ ቤቷን እትዬ ሽብሬን አስጠርቶ ዱካውን ፎቶ አስነሳ።

የሟች ወንድም ታጁዲን እንደ ደንቡ ሳይውል ሳያድር ቀበረው። ለቀባሪው መቀመጫ ከመጋዘኑ ጆንያ ሲወጣ፣ ምንጣፍ ሲገባ ዱካው ጠፋ። የቀረው ፊልሙ ብቻ ነው።

ፊልሙ ታጠበ። የመጋዘኑ በር ወጥቷል፤ የዱካው ግን አንድም የለም። ታጁዲን ገበያ መሀል «ሸጣናለች» አለ። ሽብሬ ታሰረች። ፎቶ ቤቷን ሰው ሸሸው።

ነገሩ ለኢንስፔክተር ደቅሲሳ ተሰጠ። የማይቸኩል ሰው ነው፤ ሻዩን እንኳ የሚጠጣው ሲቀዘቅዝ ነው።

«ፊልሙን ብርሃን መትቶት ይሆን፣ እትዬ ሽብሬ?»

«ቢመታው ይጠቁር ነበር። የዱካው ቦታ ግን ባዶ፣ ጥርት ያለ ነው። ብርሃን ጭራሽ አላገኘውም።»

ደቅሲሳ ያመጣላትን ካሜራዋን ተቀብላ የፊቱን ሌንስ በእጇ ጠምዝዛ ፈታች። ከሥሩ ስስ የብረት ቅጠሎች ተደራርበዋል።

«ቁልፉ ሲጫን እነዚህ ለቅጽበት ተከፍተው ይዘጋሉ። ብርሃን የሚገባው ያኔ ነው።»

ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ሳብ አድርጋ ቁልፉን ተጫነችው። ቀጭ አለ። ቅጠሎቹ አልተነቃነቁም።

«ድምፁ አለ እኮ።»

«ድምፁ የስፕሪንጉ ነው። እኔንም ያታለለኝ እሱ ነው።»

ቅጠሎቹ ላይ ጥቁር ግሪስ ተለጥፏል። ደቅሲሳ አሸተተው፤ የመጋዘኑ ቡና መፈልፈያ ማሽን ግሪስ ነው።

«ካሜራውን ከእጅዎ ለይተውት ነበር?»

«በሩን እንዳነሳሁ የመህዲ ሚስት ኩልሱም ራሷን ስታ ወደቀች። ጆንያ ላይ አስቀምጬው ውሃ ላመጣ ሮጥኩ። ፖሊሱም እሷን ደግፎ ወጣ።»

«ማን ቀረ?»

«ታጁዲንና ዲንቃ።»

ደቅሲሳ አስቀድሞ የጠረጠረው ታጁዲንን ነው፤ ለቀብሩ የተጣደፈው እሱ ነበርና። ሁለቱንም ሽብሬ ባለችበት አስጠራ። ሁለቱም ካሜራ ነክተን አናውቅም አሉ።

«እስቲ እኔን አንሱኝ» አለ ካሜራውን እያቀበለ።

ታጁዲን ቁልፉን ተጫነ። ካሜራው ዝም። ደገመው። ዝም። ተናዶ መለሰው።

«ኤዬ፣ እኔም ልሞክራ» አለ ዲንቃ። እያወራ በጣቱ ሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ዘንግ ሳብ አደረገና ተጫነ። ቀጭ አለ።

ሽብሬ ቀና አለች። «ስፕሪንጉ በዚያች ዘንግ ካልተወጠረ ካሜራው አይሠራም። ያንን የሚያውቀው የሠራበት ሰው ነው።»

«የት ነው የሠሩበት፣ ጋሼ ዲንቃ?» አለ ደቅሲሳ።

ዲንቃ እጁን አየ። ልማዱ እንደቀደመው የገባው ያኔ ነው።

«ቡሬ ከተማ» አለ በመጨረሻ። «በወጣትነቴ ፎቶ ቤት ነበረኝ።»

የቀረውን ራሱ ተናገረ። ደህናው ቡና ላይ የሻገተ ይቀላቅል ነበር። መህዲ ደርሶበት ገበያተኛው ፊት አጋልጥሃለሁ አለው። ዲንቃ ከመሰላሉ ላይ ገፋው። ዱካው የእሱ ነው፤ ፎቶው እንዳይወጣ ቅጠሎቹ ላይ ግሪስ የለጠፈውም እሱ ነው።

ሽብሬ ተፈታች። ፎቶ ቤቷን ብትከፍትም ሰው አልመጣም።

በገበያ ቀን፣ መንገዱ ጢም ባለበት ሰዓት፣ ታጁዲን የክት ልብሱን ለብሶ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ በሐፍረት ቀልቷል። ሽብሬ መብራቷን አበራችና እንደወትሮዋ በሩን ልትዘጋ ሄደች።

«አትዝጊው» አለ ታጁዲን። «ያማሁሽ ሰው ፊት ነው። እዚህ መቀመጤንም ሰው ይየው።»