ራስሙስ የተባለው ልጅ

አጽሙ የወጣው ከአሮጌው ጉድጓድ ነው። አዮዋ ውስጥ፣ ዴንማርኮች በሰፈሩበት ሊንድሆልም፣ እ.ኤ.አ. በ1961 መከር። የእርሻው አዲስ ባለቤት የተደፈነውን የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር መጀመሪያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የሰው አጥንት ወጣ።

የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። የቀኝ ጭኑ በአንድ ወቅት ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ ነው።

መምህርት ኢንገር ያንን ጭን ስታይ ወዲያው አወቀችው።

"አያቴ ነው። አንካሳው ራስሙስ።"

ሸሪፍ ሆልገር ባርኔጣውን አወለቀ። "ሚስቱንና ልጁን ጥሎ ካሊፎርኒያ የገባው?"

"ሲባል የኖረው እንደዚያ ነው።"

ኢንገር ሃምሳን አልፋለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ከዴንማርኩ ዩትላንድ የመጣውን አያቷን ስታፈላልግ ነው ዕድሜዋ ያለቀው። ወደ አሜሪካ የመጣባትን መርከብ አገኘች፤ በእጁ የሠራውን የቤተ ክርስቲያን በር አገኘች፤ እዚህ እርሻ ላይ ከሰፈረ በኋላ ግን ዱካው ጠፋ። ካሊፎርኒያ ድረስ ብትፈልግም ውሃ መውቀጥ ሆነባት። አባቷ የንስ የአባቱን ስም በአፉ ሳይጠራ፣ እንዳፈረ ሞተ።

"ነገሩ ግልጽ ነው" አለ ሆልገር። "የገደለው ኋላ ሚስቱን ማረንን ያገባው አንደርስ ነው። እሱም ሞቷል። በቃ፣ ተዘጋ።"

"አንተ ልጅ፣ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበርክ። ጥያቄው ሳያልቅ እጅህን ታወጣለህ።"

ሁለቱም ወደ አጎቷ ሄዱ። ማረን ከአንደርስ የወለደችው የመጀመሪያ ልጅ ነው። ስሙ እሱም ራስሙስ ነው። ሽማግሌው ጥቁሩን የአጃ ዳቦ እየቆረጠ ሞራ ይቀባ ነበር።

"አባትዎ ነፍስ አጥፍተዋል" አለው ሸሪፉ።

"አባቴ? አንካሳው ሲጠፋ አባቴ እኮ ገና ዴንማርክ የሰው ላም ያልብ ነበር! ወደዚህ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይልቅ አንተ ዳቦ ብላ፣ ሐሳብህ እንዲሰበሰብ።"

ሆልገር ዳቦውን ተቀበለ። ኢንገር ወንበር ሳበች።

"አጎቴ፣ ስምህን ማን አወጣልህ?"

"እናቴ ናታ።"

"በእኛ ደንብ፣ ሴት ዳግም ስታገባ የመጀመሪያ ወንድ ልጇን በማን ስም ትጠራዋለች?"

"በሞተው ባሏ።"

"በሞተው። በጠፋው አይደለም። ጥሎኝ ሄደ ብላ በፍርድ ቤት ፈታችው። አገሩ ሁሉ በሕይወት አለ ሲል እሷ መሞቱን በምን አወቀች?"

"ሰው ሲጠይቃት 'ለእኔ ሞቷል' ትል ነበር።"

"ላንተስ ምን አለችህ?"

ቢላዋውን አስቀመጠ።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ልትሞት ስትል ነገረችኝ። ራስሙስ አገሩ ናፍቆት እንቅልፍ አጣ። መሬቱን ሸጬ እመለሳለሁ አለ፤ ያንቺን አባት ጋሪ ላይ ጫነው። እሷ እዚያ ያደገችው በጌቶች በረት፣ ከላም ጋር እያደረች ነው። 'ልጄ በረት አይገባም' አለች። በአካፋ መታችው። አንዴ ብቻ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ጥላ በድንጋይ ደፈነችው።"

"ስሙንስ ለምን አወጣችልህ?"

"ስሙን የነፈጉት ሙት ተመልሶ ይመጣል ይባላል፣ ልጄ። ነፍስ አጥፍታ እንኳ ደንቡን መጣስ ፈራች።"

ኢንገር ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ያሳደገቻት ማረን ናት። ጸሎትና ሹራብ ያስተማረቻት፣ "አያትሽ ከሃዲ ነው" እያለች ያስተኛቻት ማረን። ትወዳት ነበር፤ አሁንም ትወዳታለች። የሚያመውም እሱ ነው።

ሲወጡ ሆልገር ቀስ ብሎ ጠየቀ። "የት ይቀበር? ከማረን ጎን ባዶ ቦታ አለ።"

"ከእሷ ጎንማ አይተኛም። ለራሴ የገዛሁት መቃብር አለ። ከጎኔ የሚተኛ ስለሌለኝ አንድ ብቻ ነው የገዛሁት። እዚያ ቅበሩት።"

"እርስዎስ?"

"ጥልቅ አድርጋችሁ ቆፍሩለት" አለች። "እኔ ከላዩ እተኛለሁ።"