ኦርጅናል ዕቃ

ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ በሙቀት ስታንቀላፋና በከዚራ ሰፈር መንገድ ላይ የሰው ኮቴ ሲጠፋ፣ ውድነሽ የወጥ ቤቷን በር ገርበብ አድርጋ ከኒም ዛፉ ሥር የሚሠራውን ልጇን ታዳምጣለች። የመፍቻው ድምፅ ሲቋረጥ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ሲቀጥል ትለቀዋለች። ሱራፌል ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ ሌላ ልጅ የላትም። ዕድሜዋን ሙሉ የከፋውን ስትጠብቅ ስለኖረች፣ የከፋው በየት በኩል እንደሚመጣ የምታውቅ ይመስላታል።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። አንድ ግሪካዊ ነጋዴ አገር ለቆ ሲሄድ ለሾፌሩ ለመኩሪያ፣ ለውድነሽ ባል፣ ትቶለት ነው የሄደው። በሰማንያ ሦስት፣ የሚሸሸው ወታደር ያገኘውን መኪና እየነዳ በሚጠፋበት ሳምንት፣ መኩሪያ ክላክሷን፣ ሁለቱን የፊት መብራቶቿንና መሪዋን ፈታትቶ እቤት ውስጥ ሸሸገ። ሱራፌል ያኔ የአርባ ቀን ሕፃን ነበር። አገር ከተረጋጋ በኋላም ዕቃዎቹን መልሶ አልገጠማቸውም። ስትጠይቀው «ይቀመጡ» ይላታል፤ ይቀመጡ እንዳለም ሞተ። የት እንዳሉ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

አሁን የድሮ ስፖርት መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች በዝተው ዋጋው በየወሩ ይንራል። ሱራፌል ሞተሯን አስወርዶ አሠራ፣ ራዲያተሯን ቀየረ፣ እናቱ ስለለመነችውም አዲስ ፍሬን አስገባላት። የሌላ መኪና መሪና መብራት ገጥሞ ከዚራን ይዞራል። ቀጥሎ ደንገጎን ወጥቶ አዲስ አበባ ድረስ ሊነዳት ያስባል። ውድነሽ ደንገጎን በሕልሟም አታልፈውም፤ ያን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ጉሙን፣ ከመንገዱ ጠርዝ በታች ያለውን ባዶ ስታስብ ታማትባለች።

ከድር ደላላው እንደ ድሬ ልጅ ወጉ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» እያለ ነው የሚያወራው።

«ማዘር፣ ባለፈው የነገርኩሽን ዋጋ እርሺው። ይቺ እኮ መኪና አይደለችም፣ ሙሽራ ናት! ገዢዬ ግን ኦርጅናል ዕቃዋን ካላየሁ አልነካትም ብሏል።»

«ኦርጅናሉ ጠፍቷል አቦ» አለ ሱራፌል እየሳቀ። «ከተገኘ እሸጣታለሁ። ካልተገኘ ነድቼ እጠግባታለሁ።»

«ማልልኝ» አለች ውድነሽ።

«በአባዬ አጥንት።»

በዚያው ቀን ውድነሽ ወንበር ላይ ቆማ ክላክሱን ከኮርኒሱ አወረደችው።

ሱራፌል ዕቃውን ሲያይ እንደ ሕፃን ዘለለ፣ ሳይውል ሳያድርም ገጠመው። ድምፁ እሷ የምታስታውሰው አልነበረም። ያኔ የቆርቆሮ ጩኸት ነበር፤ አሁን ግን ከጉሮሮ የሚወጣ ይመስላል፣ መጨረሻው ላይም አየር እንዳጠረው ሰው ትንሽ ይስባል። በማግስቱ ሱራፌል ድምፁ ተዘግቶ ተነሣ። «ጉንፋን ነው» አላት በሹክሹክታ። ማርና ዝንጅብል አፈላችለት፣ ነጭ ሽንኩርት አኘከ፤ ሳምንት አለፈ፣ ሹክሹክታው ግን ሹክሹክታ እንደሆነ ቀረ።

ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያሳሰባት ሽያጩን ማፋጠን ነበር። መኪናዋ ቶሎ ከግቢ ከወጣች ልጁ አቧራውንና የቤንዚን ሽታውን ትቶ ይድናል ብላ፣ መብራቶቹን ከድሮው የጠላ ጋን ውስጥ አወጣቻቸው። ሠላሳ ዓመት በጨለማ የቆየ መስታወት እጇ ላይ ሞቀ። ከተገጠሙ በኋላ ባለው ከሰዓት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ጠብታ ውኃ ባልተረጨበት፣ የሁለቱም መብራት የታችኛው ጠርዝ እርጥብ ሆኖ አገኘችው። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ጫፉ ሲደርቅ ነጭ የጨው መስመር ቀረበት።

ሱራፌል በዚያ ቀን ትሪው ላይ ያለውን ማንኪያ በዳበሳ ሲፈልግ አየችው።

«ምነው ልጄ፣ አይታይህም?»

«ይታየኛል እማ። ብቻ... ከሩቅ ነው የሚታየኝ። መንገድ ይታየኛል።»

«የምን መንገድ?»

ማንኪያውን አግኝቶ መብላት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ነርሷ ሙቀት ነው፣ ውኃ ይጠጣ አለች። ውኃ አጠጣችው። ቆዳው ግን ዱቄት የነፉበት ያህል ግራጫ እየሆነ ሄደ፣ ማታ የምታጥብለት እግሩ ጠዋት አቧራ ለብሶ ይገኛል። ከኒም ዛፉ ሥር መኪናዋ በተቃራኒው በየቀኑ ታበራለች። ቀለሟ እርጥብ ከንፈር መሰለ። ሞተሯ ሳይነሣም አጠገቧ ሲያልፉ አንድ ነገር በዝግታ፣ በልክ በልክ ይመታል።

ከድር ሐሙስ ገዢውና የገዢው ሾፌር እንደሚመጡ ነገራት። «መሪው ብቻ ነው የቀረን ማዘር። መሪው ከተገኘ ሐሙስ ከዓይንሽ ትጠፋለች።»

ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣች። መሪውን ብትከለክል ሽያጩ ይፈርሳል፣ ልጇም በማያይ ዓይኑ መኪናዋን አስነሥቶ ደንገጎን ይወጣል። ብትሰጥ መኪናዋ ትሄዳለች፣ ልጁ ይቀራል። ከዚህ ሌላ መንገድ አልታያትም። ረቡዕ አልጋዋን ገፍታ የወለሉን ሲሚንቶ በዘነዘና ሰበረችው። መሪው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ጨርቁን አወቀችው፣ ሱራፌል ክርስትና የተነሣበት ነው። መኩሪያ በዚህ ለምን እንደጠቀለለው ማሰብ ጀመረችና ተወችው። ሐሙስ ነገ ነው።

ሱራፌል መሪውን ሲገጥም አልተሳሳተም፣ ብሎን አልጣለም፣ አልዳበሰም። ሲጨርስ እጆቹ ከክንዱ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተንጠለጠሉ። ከጥላው ሥር ያለው የሽቦ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ሐሙስ በዚያው ከምሳ በኋላ ባለው ሙት ሰዓት መጡ። ውድነሽ የግቢውን በር ከፈተችላቸውና መኪናዋ ስትወጣ ማየት ስላልፈለገች ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ያዘች። በመዳፏ ውስጥም ቢሆን ሞተሩ ሲነሣ፣ ከድር ሲስቅ፣ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች። ድምፁ ወደ ለገሃር አቅጣጫ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ አንድ አባታችን ሆይ ደገመች። ስትወጣ ከኒም ዛፉ ሥር ዘይት የጠጣ መሬት ብቻ ቀርቷል፣ ሱራፌልም ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ሄደች ልጄ» አለችው። «ተገላገልን።»

ከአጠገቡ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እጁን አነሣችና ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ፀሐይ የዋለበት ቆርቆሮ ያህል ይሞቃል፣ ጥላው ሲደርስበት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ዓይኑን አላርገበገበም፤ ቢሆንም እቤቱ ነው፣ አጠገቧ ነው፣ ቀስ ብሎ ይድናል። ከስንት ወር በኋላ የመጀመሪያዋን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ስልኳ ጮኸ። በአንድ እጇ የልጇን እጅ እንደያዘች በሌላው አነሣችው። ነፋስና የሞተር ድምፅ መጣ፣ በመሃሉ ከድር።

«ማዘር! ሳልነግርሽ እንዳላድር ብዬ ነው። የገዢዬ ሾፌር መሪውን ነክቶ ‹እኔ ይቺን አልነዳም› ብሎ እዚያው በራችሁ ላይ ጥሎን ሄደ። ልጅሽ ባይኖር ጉድ ሆነን ነበር። ገዢዬ ከኋላ በራሱ መኪና ይከተለናል።»

«የማን ልጅ?»

«ያንቺ ነዋ! ደንገጎን እየወጣን ነው፣ ጉም ነው፣ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ነው የሚመስለው። ይኸው አጠገቤ ነው ማዘር፤ እጄን ከመሪው አላነሣም ብሎ እንጂ ያናግርሽ ነበር።»