የሽመና ክፍል ጆሮዎች

«እስኪ ከመጀመሪያው» አለች እናት፣ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ እየተቀመጠች።

ከኋላዋ ትንሹ ልጇ የእጅ ባትሪ ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቷ ደግሞ ድንቢጥ ተቀምጣለች። ድንቢጥ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም ከክፍሏ ልጆች ሁሉ አጭር እሷ ናት። ጨዋታው ቀላል ነው። ወንድሟ ባትሪውን ሲያበራ ድንቢጥ አፍንጫዋን ታካለች፤ ድንቢጥ አፍንጫዋን ስታክ እናት እጇን ታነሳለች። ሁለት ጊዜ በደንብ ሄደ። በሦስተኛው ወንድሟ ባትሪውን አገጩ ሥር ይዞ ዓይኑን አፈጠጠ፤ ድንቢጥ ሳቋ አመለጣትና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እናት ግራ ገብቷት ሁለቱንም እጆቿን አነሳች።

«ነገ እንዲህ ብትስቂ ጉዴ ፈላ» አለች።

እናት የጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ናት። በሽመናው ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ ሲነሱ ሰው የገዛ ድምፁን አይሰማም፤ ስለዚህ ሸማኔዎቹ የሚያወሩት በከንፈርና በእጅ ነው። አንድ ሐሜት ከዚህ ጥግ ተነሥቶ እዚያ ጥግ እስኪደርስ አንዲት ቃል ከአፍ አትወጣም። ሲወጡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እናት ቤቷ ውስጥ ሆና ልጆቿን «ደህና አደራችሁ?» ስትል ጎረቤት «ደህና» ብሎ ይመልሳል።

ድንቢጥ በዚህ ስትስቅ ነው ያደገችው። አሁን አሁን ግን የማያስቅ ነገር መጥቷል። አክስቷ ስትደውል እናት ስልኩን ለእሷ ትሰጣትና «አንቺ አናግሪያት፣ እጄ እርጥብ ነው» ትላለች። እጇ ደረቅ ነው። ድንቢጥ አይታ እንዳላየች ሆና ታወራለች፤ አክስቷ ያለችውንም ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያሳየች ለእናቷ ትነግራለች።

የሠራተኛ ማኅበሩ ከድርጅቱ ጋር ብዙ ተከራክሮ በመጨረሻ ተስማምቷል። የሸማኔ ሁሉ ጆሮ ይመረመራል፤ ጉዳት የተገኘበት ሰው ደመወዙ ሳይነካ ጸጥ ወዳለ ክፍል ይዛወራል፤ ለቀሩት የጆሮ መከላከያ ይገዛል። በስብሰባው ላይ ለዚህ ነገር ከሁሉ በላይ የጮኸችው እናት ራሷ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ግን ፍርሃት ያዛት። ዛሬ ጆሮሽን ያያሉ፣ ነገ በሩን ያሳዩሻል አለች። ድንቢጥ ማኅበሩ እኮ ተፈራርሟል ብትላት፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብላ ዘጋቻት። ሰይጣን ያለችው ማሽኗን ነው፤ ትወደዋለች። የአፍንጫው ጨዋታም ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄዱ። የምርመራው ክፍል አንዱ ግድግዳ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ መስተዋት ነው። ተመርማሪው ፊቱን ወደ መስተዋቱ አድርጎ ይቀመጣል፤ ነርሷ ከኋላው ሆና ድምፅ ስትልክ መሣሪያዋ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ከመስተዋቱ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ቤተሰብ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር አለ። ድንቢጥ ቦታዋን ያዘች።

ውስጥ አንዲት ወፍራም ሸማኔ እየተመረመረች ነበር። ከድንቢጥ አጠገብ የተቀመጠው ባሏ ባርኔጣውን አነሳ፤ ሴትዮዋ እጇን አነሳች። ባርኔጣውን መለሰ። መብራቱ በራ፤ ባርኔጣው ተነሳ፤ እጅ ተነሳ። ድንቢጥ ዓይኗን ማመን አቃታት። ወደ ግራዋ ብትዞር ደግሞ የእናቷ ጓደኛ ልጅ፣ ያ ቀውላላው፣ ጆሮውን መጎተት እየተለማመደ ነው።

«አንተም?» አለችው በሹክሹክታ።

«ምን ላድርግ? ማዘር አስገድዳኝ ነው» አለ። ከዚያ አፍንጫዋን አየ። «ያንቺ በአፍንጫ ነው አይደል? ማዘር ነግራኛለች። አሪፍ ነው።»

ለካስ አግዳሚው ሁሉ ለዚሁ የመጣ ነው። ድንቢጥ ሳቋን ውጣ ሳትጨርስ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቧ ዘፍ አለች። ድምፅዋ ስለሚያቃጭል ቃጭል ይሏታል። የማኅበሩን ዜና በፋብሪካው ምግብ ቤት በር ላይ ባለው ሰሌዳ የምትጽፈው እሷ ናት፤ አሁንም የሰሌዳ ብዕሯን በጣቶቿ መሀል ታሽከረክራለች።

«የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ጠየቀች። ድንቢጥ ነገረቻት።

«የዚያች አንበሳ! እሷ ባትኖር ይህ ምርመራም ባልኖረ» አለች ቃጭል። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት እንደጠራት ተናገረች፤ በዚህ ሳምንት የተመረመረው ሁሉ አንድ ድምፅ ሳያመልጠው ሰምቷል። «ደህና ጆሮ ላለው ሰው መከላከያ ምን ያደርግለታል አለኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ማሽን ሥር ስንት ዓመት ቆመን ጆሯችን እንደ ሌሊት ወፍ ሰላ ብዬ ሰሌዳ ላይ ልጻፍ?»

ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ጫማውን ማየት ጀመረ። የድንቢጥም ሳቅ የት እንደገባ እንጃ።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያልሰማ ሰው እውነት አይባረርም?»

«ምን አልሽ? በዚህ በኩል ንገሪኝ» ብላ ቃጭል ሌላኛውን ጆሮዋን አዞረች። ድንቢጥ ደገመችላት። «እኔ መቼ ሰማሁ? ባለፈው ወር ምርመራው ሲጀመር የመጀመሪያዋ ወዳቂ እኔ ነኝ። አሁን ጨርቅ መፈተሻ ክፍል ነኝ፤ ደመወዜ ያው ነው። ጓደኞቼ ይናፍቁኛል፣ አልዋሽሽም። ግን ማታ ስተኛ ጆሮዬ ውስጥ ማሽን አይጮህም።»

ተነሥታ ስትሄድ የእናት ተራ ደረሰ። እናት ገባች፤ ማዳመጫውን አደረገች፤ ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠችና በመስተዋቱ ውስጥ ድንቢጥን ጠቀሰቻት።

መብራቱ በራ።

የድንቢጥ እጅ ተነሥቶ አገጯ ድረስ ሄደ። እዚያ ቆመ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተችና ተቀመጠችባቸው።

መብራቱ ጠፍቶ እንደገና በራ። እናት ቅንድቧን ሰቀለች። ከንፈሯ «አፍንጫሽን» አለ። ድንቢጥ ፊቷን ማዞር ትችል ነበር፤ አላዞረችም። እሷም በከንፈሯ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ ስትሰሚ አንሺ። እኔ እዚሁ ነኝ» አለች።

እናት «ቤት እንገናኝ» የሚለውን እይታ ላከችላት። ይህን እይታ ለማንበብ ሸማኔ መሆን አያስፈልግም። መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል፤ የእናት እጅ ጉልበቷ ላይ ነው።  ድንቢጥ ከእናቷ ስልኩን ስትቀበል የእናቷን ጆሮ እንዲህ ብዙ ነገር እንደሚያመልጠው አላሰበችም ነበር። እናቷን አሳፍራ ይሆን? ብድግ ብላ አፍንጫዋን አክካ መገላገል አማራት፤ ግን እጇን አላወጣችም።

እናት ትንፋሽ ሳበችና ዓይኗን ጨፈነች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። ነርሷ ድምፁን ከፍ አደረገች፤ ደግማ ከፍ አደረገች። መብራቱ በራ፤ የእናት እጅም ቀስ ብሎ፣ በራሱ፣ ተነሳ። ድንቢጥ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ አትናገረውም።

እናት ስትወጣ ተረኛዋ ጓደኛዋ፣ የቀውላላው እናት፣ በር ላይ ቆማ ነበር። በከንፈሯ ብቻ «ሠራ?» አለች። እናት ድንቢጥን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ በዚያ ጎረቤት በሚመልስለት ድምፅዋ፣

«ግማሹን አልሰማሁትም» አለች።

 ኮሪደሩ ላይ ከተሰለፉት ተረኞች መጨረሻ አንዲት አሮጊት ሸማኔ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። እናት ወደ እሷ ዞራ፣ ሁሉም እንዲያያት እጇን ከፍ አድርጋ፣ በእጇ ደገመችው። መጀመሪያ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

እናት መጥታ ድንቢጥ አጠገብ ተቀመጠችና ጭኗን ቆነጠጠቻት፣ በደንብ አድርጋ። ከዚያ እጇን ያዘቻት፤ አልለቀቀቻትም።

ጓደኛዋ ገብታ ማዳመጫውን አደረገችና በመስተዋቱ ወደ ልጇ አየች። ቀውላላው ልጅ ድንቢጥን አያት፣ መብራቱን አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ ተነሣና ጀርባውን ለመስተዋቱ ሰጥቶ ተቀመጠ።