ጨለማው የአዳራሹ ነው

ፀሐይወርቅ ሰላሁዲንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው አባቱን ስታማ ነው።

በ1979 ዓ.ም. በባሕር ዳሩ የመምህራን ኮሌጅ፣ በፔዳ፣ የሚማር ሰው ካልኩሌተር መግዛት ሲያምረው ከገበያ በፊት የሚሄደው እሷ ዘንድ ነበር። አባቷ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ከአቃቂ ተዛውረው የመጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ናቸው፤ ዕቃ ፈታትቶ መግጠምን ከእሳቸው ወርሳለች። የሒሳብ ተማሪ ስለሆነችም የትኛው ካልኩሌተር ሳይንና ኮሳይን እንደሚያወጣ፣ የትኛው ቁልፉ ቶሎ እንደሚደነዝዝ ታውቃለች። ምክሯ ግን ማር የተቀባ አልነበረም።

አንድ ቀን አገርነሽ የምትባል ከመሸንቲ የመጣች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቆመቻት።

«ከሙሀመድየሱፍ ሱቅ ካልኩሌተር ልገዛ ነበር። ምን ትይኛለሽ?»

«በጭራሽ! እሳቸው ያመጡት በብርሃን ብቻ የሚሠራውን ነው። የፈተናው አዳራሽ ደግሞ ዋሻ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ዓይንሽ እያየ ይጠፋል። ባትሪ የሚገባበት እስኪመጣ ታገሺ። ነጋዴ እንደሆነ እያወቀም ይሸጥልሻል።»

«ነጋዴው አባቴ ነው» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ቀጭን ረጅም ልጅ ነው። ደብተሩን ከደረቱ ላይ አጣብቆ ይዞታል። ሰላሁዲን የሚባል የፊዚክስ ተማሪ መኖሩን ሰምታለች፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለችው። ፊቷ ግን እንደ እሳት ግሏል።

«ሰውን ከጀርባው ማማት ለማንም አይከብድም። ነይና ፊት ለፊት ንገሪው።»

«አሁኑኑ!»

በዘንባባዎቹ ሥር እሷ በአንዱ የመንገድ ዳር፣ እሱ በሌላው ዳር እየሄዱ ከሱቁ ደረሱ። ሙሀመድየሱፍ ራዲዮ ለሚመርጡ ገዢዎች ዕቃ ያሳዩ ነበር። ፀሐይወርቅ አንዱን ካልኩሌተር አንሥታ ብርሃን የሚቀበልበትን ጥቁር መስታወት በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። ቁጥሩ ድርግም አለ።

«ይመልከቱ ጋሼ። ጨለማ ውስጥ አይሠራም።»

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው በረጋ ድምፅ፣ «ዓይኑን ከሸፈንሽው በሬም አያርስ።»

ሳቋ አመለጣት። ገዢዎቹም ተከትለዋት ሳቁ፤ ራዲዮውን አስቀምጠውም ወጡ። ሙሀመድየሱፍ ካልኩሌተሩን ወደ ካርቶኑ መልሰው ጀርባቸውን ሰጧት።

በማግስቱ ሰላሁዲን ከክፍሏ በር ላይ ጠበቃት።

«አዳራሹ ውስጥ ሞከርሁት። ልክ ነሽ፤ ይጠፋል። በአባቴ መሳቅ ግን አልነበረብሽም።»

«በእሳቸው አልሳቅኩም! ስለ በሬው ያሉት ነው ያሳቀኝ።»

«ገዢ ፊት ነው የሳቅሽ።»

የዓይኖቹ ሽፋሽፍት ረጅም እንደሆነ ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ማየቷም አናደዳት።

በዚያው ዓመት ለኮሌጁ አንድ ኮምፒውተር መጣ። የነካው ሰው ያበላሸዋል ተብሎ ስለተወራ ተማሪው ሁሉ ፈራው። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ተማሪዎቹን እንዲያለማምዱ ሁለት ሰዎች መረጡ፤ ፀሐይወርቅንና ሰላሁዲንን።

ክፍሉ የጦር ሜዳ ሆነ። እሷ ትእዛዞቹን አስቀድመው በቃላቸው ይያዙ ትላለች፤ እሱ እየነካኩ ይልመዱት ይላል። እሷ የተማሪ እጅ ከቁልፉ ላይ ትመነጭቃለች፤ እሱ መልሶ ያስቀምጣል። አንድ ከሰዓት ደሞዝ የሚባል የደቅ ደሴት ልጅ ያልተባለውን ቁልፍ ተጭኖ የተጻፈው ሁሉ ከመስታወቱ ላይ ጠፋ። ልጁ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ምን ነካህ? ያልኩህን አትሰማም?» ጮኸችበት።

«አይዞህ ደሞዝ፣ ተቀመጥ» አለ ሰላሁዲን። «ማሽኑ አይቆጣም። የምትቆጣው እሷ ናት።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ፀሐይወርቅ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። ሐይቁ ከሚታይበት በረንዳ ላይ ቆማ እንባዋን ስትታገል ተከትሏት መጣ።

«እኔም ሰው ፊት ሳቅሁብሽ» አለ። «ጥሩ ነገር አይደለም።»

«ደስ ሊልህ ይገባል።»

«መስሎኝ ነበር። አላለኝም።»

ልትሰድበው ዞራ ፊቱን ስታይ ስድቡ ጠፋባት። ነፋሱ ከጣና የረጠበ ሣር ሽታ ያመጣል። ሲጣሉ ያላፈሩት ሁለቱ ልጆች ዝም ሲሉ ተፋፈሩ።

ከዚያ በኋላም መጨቃጨቃቸውን አልተዉም፤ ግን ተማሪዎቹ ከሄዱም በኋላ መጨቃጨቅ ጀመሩ።

ይህን አይቶ ያልወደደው አስናቀ ነው። አስናቀ የተማሪዎቹ የፖለቲካ ውይይት ሰብሳቢ ሲሆን ፀሐይወርቅን ሲከጅላት ኖሮ እንቢ ብላዋለች። የካልኩሌተሩን ወሬ አንሥቶ ለበላዮቹ «ተማሪውን በማይሠራ ዕቃ የሚያታልል አድኃሪ ነጋዴ አለ፤ ፀሐይወርቅ ምስክር ናት» አላቸው። ሱቁ ታሸገ። ሙሀመድየሱፍ ታሰሩ።

ሰላሁዲን ከኮምፒውተሩ ክፍል ደጃፍ መጣ፤ አልገባም።

«ሳቅሽ ይበቃ ነበር» አላት።

«እኔ ለማንም አልተናገርኩም!»

«ምስክሯ አንቺ ነሽ ተብሏል።»

ጥሏት ሄደ። ቤቱ ድረስ ብትሄድ እናቱ ጀሊላ ከበሩ ላይ አስቀሯት። «አባትሽ ታስረው ያሳሰረቻቸው ልጅ ደጅሽ ብትመጣ ምን ትያት ነበር? ያንኑ እኔ ብዬሻለሁ። ሂጂልኝ» አሏት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ የሄደችበትን ሰምተው ጠበቋት።

«በመንግሥት ነገር አትግቢ። ልጁ ደግሞ እስላም ነው። ሁለቱንም አንዴ ነግሬሻለሁ፤ አልደግመውም።»

ስብሰባው የተጠራው በዚያው በፈተናው አዳራሽ ነው። ሰላሁዲን ከኋላ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። አስናቀ ከመድረኩ ላይ ሆኖ «ጓድ ፀሐይወርቅ፣ ነጋዴው ተማሪውን እንዴት እንዳታለለ ለተሰብሳቢው አስረጂ» አላት።

ከወንበሯ ተነሣች።

«አላታለሉም» አለች። «እያወቁ ይሸጣሉ ያልኩት ከአፌ ያመለጠ ነገር ነው፤ ማስረጃ የለኝም። ዕቃው ደኅና ነው፤ ፀሐይ ላይ አውጡና ሞክሩት። ጨለማው የአዳራሹ ነው እንጂ የነጋዴው አይደለም።»

ሰዉ እርስ በርሱ መተያየትም ፈራ።

«የትኛው አዳራሽ ነው ጨለማ?» አለ አስናቀ፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«ይኼ የተቀመጥንበት።»

ሙሀመድየሱፍ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተፈቱ። የኮሌጁ ሰዎች ግን የኮምፒውተሩን ክፍል ቁልፍ ከፀሐይወርቅ ነጠቁ። ትምህርቱ ሲያልቅም ተመራቂው ሁሉ የሚያስተምርበትን ቦታ ዕጣ ሲያወጣ እሷን ያለ ዕጣ ብርዳሙ ደባርቅ መደቧት።

ሰላሁዲን ከሐይቁ ዳር አገኛት። ዕጣው ባሕር ዳር ወጥቶለታል።

«በከንቱ ፈረድሁብሽ» አለ። «አባቴን አስፈታሽው።»

«ለአባትህ ብዬ አይደለም።»

«ለማን ታዲያ?»

«ለእውነት።»

«ለእውነት ብቻ?»

እጇን ያዘው፤ አልነጠቀችውም።

«አባቴ ‹ውለታዋን አልረሳም፤ ምራቴ ግን አትሆንም› ብሏል» አለ በመጨረሻ።

«የኔም አባት እንቢ ብለዋል።» እጇን ቀስ ብላ አወጣች። «እንግዲያው በደኅና ቆይ። ደስ ብሎህ አስተምር።»

«ይኼው ነው? አንድ ጊዜ እንኳ ሳትከራከሪኝ?»

«ደከመኝ ሰላሁዲን» ብላው ሄደች።

የምትሄድበት ቀን ግን አውቶቡሱ ውስጥ ቦርሳውን ታቅፎ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ወረታ አያቴ ዘንድ ልሄድ ነው» አለ።

«ከኔ ሌላ አጠገቡ የሚቀመጡት ሰው የለም?»

«ሞልቷል።»

እስከ ወረታ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ቀረች። መኪናው ሲቆም ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። እሱ ንቅንቅ አላለም።

«ወረታ ነው። ውረድ እንጂ!»

«አልወርድም። የደባርቅ ዕጣ ለደረሰው ለቢያዝን ባሕር ዳርን ለቀቅሁለት። ተቀያየርን።»

«ማን ፈቀደልህ?» ድምፅዋ መኪናውን ሞላው። «እኔን ጠይቀሃል?»

«ብጠይቅሽ እንቢ ትይኝ ነበር።»

«አዎ፣ እንቢ እል ነበር! አባትህ ይረግሙሃል፤ አባቴ ዓይንሽን አላይም ይሉኛል፤ የምናርፍበት ቤት ማን ያከራየናል? አስበኸዋል?»

«ብርዱን ረሳሽው» አላት።

ትከሻውን በቡጢ መታችው። ደገመችው። ሦስተኛውን ስትሰነዝር እያለቀሰች ነበር፤ እጇን አየር ላይ ያዘና ከደረቱ ላይ አሳረፈው።

ከኋላቸው ወንበር ዶሮ የታቀፉ ባልቴት ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ኧረ በማርያም! ባልና ሚስት ቤቱ ሲገባ ይጣላል እንጂ፣ መኪና ላይ ሰው ያውካል?»

ሁለቱም ዞረው አዩዋቸው። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፍቶ አውቶቡሱን ከወረታ አስወጣው፤ አንዳቸውም «አይደለንም» አላሉም።