ብርቱካናማው መግቢያ

ሄርሜላና ኢያቄም የተዋወቁት በጭቅጭቅ ነው። ሁለቱም ጎፋ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ አስተማሪዎች ናቸው። አንድ ጠዋት እሷ የሥነ ሕንፃ፣ እሱ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎቻቸውን ይዘው አንድ ክፍል በር ላይ ተፋጠጡ።

«እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት» አለችው።

«እንግዲያው አብረን እናስተምራ!»

ለቀልድ ነበር ያለው። ቀልዱ ግን ቁም ነገር ሆነና አንድ ትምህርት አብረው ማስተማር ጀመሩ፤ ሰው ሕንፃዎች መሀል መንገዱን በምን እንደሚለይ፣ ግድግዳና ፊደል፣ ደረጃና ቀለም እንዴት እንደሚጋገዙ። ከክፍል ከወጡም በኋላ ጨዋታቸው አያልቅም ነበር።

አንድ ቀን ታክሲ ሲጠብቁ ኢያቄም፣ «ሄርሜላ፣ ላግባሽ?» አላት።

ዓይኗን ከአስፋልቱ ሳትነቅል ፈገግ አለች። ሳትመልስለት ስልኳ ጮኸ። አባቷ አቶ ሙሉሰው ጠፍተው ነበር።

አቶ ሙሉሰው ጡረተኛ ናቸው፤ ለቡ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑባቸውና ቤታቸውን አጡት። ሲገኙ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራ ቆመው ያለቅሱ ነበር።

«ማስተማሩን ልተወው ነው» አለችው ሄርሜላ በማግስቱ። «አባዬ ላይ በር ቆልፌ መሄድ አልችልም። አንተም አትጠብቀኝ።»

ኢያቄም አልተከራከራትም። «እሺ፤ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። አብሬያቸው ልሂድ። መንገዱ የት ጋ እንደሚጠፋባቸው ልይ።»

ጠዋት ጠዋት ከኋላ ከኋላቸው ሄደ። አቶ ሙሉሰው የብሎክ ቁጥር አያዩም፤ ቁጥሩ ጣሪያው ሥር ነው፣ እሳቸው ደግሞ ቀና አይሉም። ነዋሪዎቹ ሲፈቅዱለት እሱና ተማሪዎቹ ለየብሎኩ መግቢያ የየራሱን ቀለምና ትልቅ ፊደል ቀቡለት። ለአቶ ሙሉሰው ብሎክ ብርቱካናማ ደረሰው።

በመጀመሪያው ቀን አቶ ሙሉሰው ሰተት ብለው ሌላ ብሎክ፣ የማያውቁት ሰው ቤት ገብተው ሻይ ጠጥተው መጡ።

ኢያቄም አቀረቀረ። ሄርሜላ ግን በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወርዳ አባቷ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ቀለምህ ጥፋት የለበትም» አለችው። «ይሄ የቆርቆሮ አጥር ነው የከለለው።»

ጎረቤቶቿን ለምና አጥሩን አስነሣች። ከአስፋልቱ እስከ መግቢያው የሚወስድ ቀጥ ያለ የእግር መንገድ ነደፈች፤ ተማሪዎቹ ድንጋይ አነጠፉበት።

እሁድ አቶ ሙሉሰው ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ሄርሜላና ኢያቄም ቤት ሆነው ጠበቋቸው። ቅዳሴ አልቆ ሰው ተመለሰ፤ እሳቸው የሉም። ሄርሜላ ተነሥታ ልትሮጥ ስትል ኢያቄም እጇን ያዛት።

«ትንሽ እንታገሥ።»

«ቢጠፋስ?»

«አብረን እንፈልጋቸዋለን።»

እጇን አላስለቀቀችውም። በመጨረሻ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ አቶ ሙሉሰው ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው ብቅ አሉ።

«ምን ሆናችኋል? ፊታችሁ ልክ አይደለም» አሉ።

ሄርሜላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። መርሳቱ እንደማይድን ታውቃለች። ዛሬ ግን ማንም ሳይመራቸው ቤታቸው ገብተዋል፤ እሷም ሰኞ ክፍሏ ትገባለች።

አቶ ሙሉሰው በትከሻዋ በኩል ኢያቄም ዓይኑን ሲጠርግ አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ ልከህብኝ ረስቼው ነው?»

ኢያቄም ወደ ሄርሜላ ተመለከተ።

«አልረሳህም አባዬ» አለች ሄርሜላ። «ገና አልላከም።» ከዚያ ወደ ኢያቄም ዞረች፤ «በል ላካ!»